የቅመም ብልቃጥና ጣሳ በጠባብ ቦታ ከመደርደሪያ ጋር እንዴት እንደሚታሰር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የብዙ ሰው ማዕድ ቤት ጠባብ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራች ሰርቪስ፣ የኮንዶሚኒየም ጓዳ፣ ወይም በበሩና በግድግዳው መካከል የተረፈች ክንድ የማትሞላ ክፍተት የበርበሬውን፣ የሽሮውን፣ የኮረሪማውን፣ የጥቁር አዝሙዱን፣ የቡናውንና የስኳሩን ዕቃ ሁሉ እንድትይዝ ይጠበቅባታል። በእንዲህ ያለ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ የሚወድቀው መደርደሪያው ስለ ደከመ ሳይሆን፣ ከኋላ ያለውን ለማውጣት የገባው እጅ ከፊት ያለውን ስለሚገፋው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ሲሆኑ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ከባድ የጭነት መኪኖችን ያስተናግዳል። ከአስፋልቱ ዳር ባለ ቤት ውስጥ መኪና ባለፈ ቁጥር በለስላሳ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብልቃጥ በዓይን በማይታይ መጠን እየተንፏቀቀ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። በዚያ ላይ አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የሚገኝ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ለነዋሪው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ካራቆሬንና ማጀቴን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ በወሎና በሰሜን ሸዋ ሽማግሌዎች ዘንድ እስካሁን ይነሣል። የቅመም ብልቃጥ ማሰር ቤት ከመፍረስ አያድንም። ሆኖም ትንሽ ንዝረት በመጣ ጊዜ ከራስ በላይ ያለ መስታወት ልጅ ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ይህ ብቻውን ለሥራው በቂ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በጠባብ ቦታ የሚታሰረው ዕቃው ራሱ ሳይሆን የዕቃው መያዣ ነው፤ መያዣውም የሚታሰረው ክፍተቱ ውስጥ ተጎንብሶ ሳይሆን መደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ወይም መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው በተራ መሣሪያ የጸዳ ሥራ ይሠራል፤ ያልጠበቀ ግን ጥሩ ድሪል ይዞም እጁ ሳይገባ፣ ብሎኑ ሳይጠብቅ፣ ቀዳዳው ተጣሞ ይቀራል።

ቦታውንም እጅንም መለካት

በመጀመሪያ የክፍተቱን ወርድ፣ ጥልቀትና ከፍታ በሜትር ይለኩ። ወርዱን በአንድ ቦታ ብቻ መለካት አያስተማምንም፤ በተለይ የጭቃ ግድግዳ ባላቸው የቆዩ የደሴ ቤቶች ከላይ፣ ከመሐልና ከታች የሚገኘው ልክ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ስለሚችል ትንሹን ልክ ይውሰዱ። የግድግዳው ማዕዘን ቀጥ ያለ መሆኑንም በስኳድራ፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ፣ ማየት ያስፈልጋል። ስኳድራ ከሌለ የካርቶን ጥግ ቆርጦ ማዕዘኑ ላይ መግጠም ይበቃል።

ቀጥሎ እጅዎን ይለኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ብልቃጥ ይዞ የተጨበጠ የአዋቂ እጅ ከብልቃጡ ወርድ ላይ በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ባዶ ብልቃጥ ይዘው እጅዎን ወደ ክፍተቱ ያስገቡና መታጠፍ፣ መዞርና መውጣት መቻሉን ይሞክሩ። በኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ አናጢ የማዕድ ቤት መደርደሪያ ሲታዘዝ ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት ባለቤቲቱን «እትዬ፣ ይህን ዕቃ ቶሎ ቶሎ የሚያወርደው ማን ነው? በየትኛው እጁ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በር ከቀኝ ያለበት ክፍተት ለግራ እጅ ይመቻል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚያወርደው የስኳር ጣሳም እናት በምትደርስበት ከፍታ ሊታሰር አይገባም።

ዕቃዎቹን መለየትና መመዘን

የሚታሰሩትን ዕቃዎች በሙሉ አውጥተው መሬት ላይ ይደርድሩና በሦስት ይክፈሏቸው፦ በየቀኑ የሚነሡ፣ በሳምንት አንዴ የሚነሡ፣ ለበዓልና ለድግስ ብቻ የሚነሡ። የመጨረሻዎቹ ጠባቡ ቦታ ላይ መታሰር የለባቸውም፤ በሳጥን ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል። ከዚያ ክብደታቸውን ይገምቱ። ባለ ግማሽ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ ባዶውን ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። በርበሬ ቢሞላበት ሩብ ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ ማር ቢሞላበት ግን ማር ከውሃ በጣም ስለሚከብድ 700 ግራም ያህል ይጨመርና ጠቅላላው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ይህ ልዩነት የትኛው ዕቃ ሊንጠለጠል እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ የግድ ታች መቀመጥ እንዳለበት ይወስናል። እንደ እኔ አመለካከት ማር፣ ዘይት፣ ቅቤና ማንኛውም ፈሳሽ ነገር በምንም ዓይነት ብሎን ቢሆን ከመደርደሪያ ሥር መንጠልጠል የለበትም።

መደርደሪያውና ግድግዳው

በሁለቱ ከተሞች ገበያ በብዛት የሚገኘው የመደርደሪያ ዓይነት ችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ)፣ ኮምፔንሳቶ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠራ)፣ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ) እና የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ችፑድ ርካሽ ቢሆንም ሁለት ድካም አለበት፦ ብሎን ደጋግመው ከፈቱበት ቀዳዳው ይላላል፤ እርጥበት ከነካው ደግሞ ያብጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የሐምሌና የነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ የሚገባባት ከተማ በመሆኗ ለጓዳ መደርደሪያ ኮምፔንሳቶ ወይም በደንብ የደረቀ ጣውላ እመርጣለሁ። ችፑድ ብቻ ካለ የተቆረጠው ጠርዙና የተሰረሰረው ቀዳዳ ሁሉ ቀለም ወይም ኮላ ተቀብቶ መዘጋት አለበት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በከፍታም ዝቅ ብላ የምትገኘውና ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ የሆነው ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እርጥበቱ ቀላል ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ የሚያለሰልሰው ማጣበቂያ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ብሎን ወይም ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) በጭቃው ላይ ብቻ አይታመንም። በጣት አንጓ እየቆረቆሩ ድምፁ የሚደፍንበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ከጭቃው በስተ ጀርባ ቋሚው ወይም ማገሩ ያለው እዚያ ነው። በቀጭን ሚስማር ወግተው እንጨት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ረጅም የእንጨት ብሎን በቀጥታ ወደ እንጨቱ ያስገቡ። ቋሚው የሚፈለገው ቦታ ላይ ካልተገኘ መደርደሪያውን በእግር አቁሞ ግድግዳውን ለድጋፍ ብቻ መጠቀም ይሻላል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ደግሞ መሰርሰሪያው ልስኑንና የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ አልፎ ባዶው ውስጥ ሲገባ ፊሸሩ መያዣ አጥቶ አብሮ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቀዳዳውን ሁለት ብሎኬቶች በሲሚንቶ ከተያያዙበት መስመር ወይም ከብሎኬቱ መካከለኛ አጥንት ላይ ለማሳረፍ ይሞክሩ። ለትንሽ መደርደሪያ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር ከ4 ሚሊ ሜትር ብሎን ጋር በቂ ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይም ሆነ በታች ቀጥታ መስመር ላይ አይሰርስሩ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በአብዛኛው የሚወርደው በዚያ ነውና። ጥርጣሬ ካለ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጎ በእጅ መሰርሰሪያ መሥራት ነው።

ክዳኑን ከመደርደሪያው ሥር ማሰር

ለጠባብ ቦታ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ጊዜ ባዶ የሚቀረውን ከመደርደሪያው ሥር ያለ አየር ይጠቀማል። የብልቃጡ ክዳን ተገልብጦ ከመደርደሪያው ሆድ ጋር በብሎን ይያያዝና ቋሚ ይሆናል፤ ብልቃጡ ከታች እየዞረ ይገባበታል፣ እየዞረ ይወጣል።

በደሴ ሆጤ አካባቢ በአንዲት ዘመዴ ቤት ያለውን ክፍተት ለምሳሌ ልውሰድ። ወርዱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ የመደርደሪያው ጥልቀት 18 ሴንቲ ሜትር፣ ብልቃጦቹ ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ወርድና ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ናቸው። አራት ብልቃጥ ለማሰለፍ 32 ሴንቲ ሜትር ለብልቃጦቹ፣ በመካከላቸውና በሁለቱ ዳር ላሉት አምስት ክፍተቶች ደግሞ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ድምሩ 42 ስለሚሆን አይበቃም። ሦስት ብልቃጥ ሲሆን ግን 24 ሴንቲ ሜትር ተይዞ 14 ይተርፋል፣ ለአራቱ ክፍተቶች ሲካፈልም እያንዳንዱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። እጅ በነጻነት ይገባል ማለት ነው። የክዳኖቹ መሐል ከግራው ጠርዝ 7.5፣ 19 እና 30.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። አራተኛውን ብልቃጥ ለማስገባት ሲባል ክፍተቱን ማጥበብ ትልቅ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ጣት የማይገባበት ብልቃጥ በሳምንቱ ተፈትቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። በጥልቀት በኩልም አንድ ረድፍ ብቻ፣ መሐሉ ከፊት ጠርዝ 7 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይበቃል። ከሥሩ ያለው ነጻ ከፍታ የብልቃጡን 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከክዳኑ ለመውጣት ዝቅ የሚልበትን 1.5 ሴንቲ ሜትርና ለእጅ የሚተወውን 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ደምሮ 18 ገደማ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መደርደሪያውን ከቦታው ያውርዱና ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። የክዳኖቹን መሐል በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። የብረት ክዳን ወስደው ውስጡን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ አንድ የጣውላ ቁራጭ አድርገው ያስቀምጡና በመሐሉ ሁለት ነጥብ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያመልክቱ። ሁለት መሆኑ ግዴታ ነው፤ በአንድ ብሎን የታሰረ ክዳን ብልቃጡ ሲዞር አብሮ ይዞራልና አይከፈትም። ከዚያ በሚስማር ከውስጥ ወደ ውጭ ይብሱት። በዚህ አቅጣጫ ሲበሳ የቆርቆሮው ሹል ከንፈር በክዳኑ ጀርባ ይወጣል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቅመም የሚነካውም እጅ የሚገባውም ውስጡ ስለሆነ ይህ ትንሽ የምትመስል ጥንቃቄ ዋጋ አላት። በጀርባው የወጣውን ሹል በመዶሻ ቀስ ብለው ደፍጥጡት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ከጣውላው ጋር ገጥሞ አይቀመጥም።

የብሎኑ ርዝመት ከመደርደሪያው ውፍረት ማነስ አለበት። 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ 12 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ራሱ ክብና ሰፊ የሆነ የእንጨት ብሎን ከትንሽ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባ ክብ ቀለበት) ጋር ተስማሚ ነው። ራሱ ሾጣጣ የሆነው ብሎን ቀጭኑን ቆርቆሮ ስለሚቀደው አይሆንም። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ከብሎኑ ትንሽ በሚቀጥን መብሻ፣ ለምሳሌ ለ3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን በ2.5 ሚሊ ሜትር፣ አስቀድሞ መሰርሰር ያስፈልጋል። መሰርሰሪያው አልፎ እንዳይሄድ በመብሻው ላይ ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ለክቶ ፕላስተር መጠቅለል ጥሩ ምልክት ይሆናል። በክዳኑ ጀርባ፣ በሁለቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ቀጭን የሲሊኮን ክብ ያድርጉና ክዳኑን አስቀምጠው ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቁ ያጥብቁ። ሲሊኮኑ አየር በቀዳዳው እንዳይገባና የበርበሬው ሽታ እንዳይጠፋ ይከላከላል። አንድ ሙሉ ቀን እንዲደርቅ ይተዉት፤ አብዛኛው ሲሊኮን ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ስላለው ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቅመም አይግባበት።

ብሎኑ ቅመም እንዳይነካ ከንጹሕ የምግብ ዕቃ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ክብ ቆርጠው በክዳኑ ውስጥ ይልጥፉ። በተለይ ጨው ባለበት ብልቃጥ ይህ ካልተደረገ ብሎኑ ቶሎ ይዝጋል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነ ክዳን ከሆነ ደግሞ በሚስማር ሳይሆን በመብሻ ይበሳ፣ ሰፋ ያለ ሮንዴላ ይደረግበት፣ ከመጠን በላይም አይጥበቅ፤ ፕላስቲክ ዛሬ ባይሰነጠቅ ከወራት በኋላ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ክዳን በመስታወት ብልቃጥ ላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ ባይመረጥ ይሻላል።

ሁሉም ክዳኖች ከታሰሩ በኋላ መደርደሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ብልቃጦቹም በመጀመሪያ ባዶአቸውን ይገባሉ።

የፊት መከልከያ

ከመደርደሪያው በላይ ለሚቀመጡት ዕቃዎች ቀላሉ ማሰሪያ ከፊት የሚሠራ መከልከያ ነው። የመከልከያው ከፍታ ከዕቃው ቁመት ሢሶ ቢሆን ይበቃል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ለሚቆም ብልቃጥ 4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ብልቃጡ ሲገፋ በላዩ ይገለበጣል። የተለመደው ቀጭን ጣውላ በመደርደሪያው ፊት ላይ መምታት ነው፤ ነገር ግን ቋሚ መከልከያ ባለበት ዕቃው ለመውጣት ከመከልከያው በላይ መነሣት ስላለበት፣ ከላዩ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ከሌለ ጣውላው ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

ቦታው ሲጠብ የሚሻለው የሚከፈት መከልከያ ነው። እዚህ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነው ባለ ሞላ የመጋረጃ ሽቦ ድንቅ ነገር ነው፦ ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፣ ከሁለት ትንንሽ መንጠቆዎችና ቀለበቶች ጋር ይሸጣል። ከክፍተቱ ወርድ አንድ አሥረኛ ያህል አሳጥረው ይቁረጡት፤ ለ38 ሴንቲ ሜትር 34 ያህል ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ ቀለበት እየጠመዘዙ ያስገቡ፣ በክፍተቱ ሁለት ጎን ደግሞ መንጠቆዎቹን ከመደርደሪያው 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ያስሩ። ሽቦው በብልቃጦቹ ሆድ ላይ ተወጥሮ ያርፋል፤ ዕቃ ለማውጣት በአንድ ጣት ዝቅ ይደረጋል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ለሲኒና ለዕጣን ሙዳይ፣ በአጠቃላይ ለቡና ዕቃ መደርደሪያ፣ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

መከልከያ ብቻውን መንሸራተትን አያቆምም። ከዕቃዎቹ ሥር ከብስክሌት ወይም ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ፣ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ቁራጭ ያንጥፉ። የጭነት መኪና ንዝረት የሚያንፏቅቀውን ብልቃጥ ባለበት የሚያቆመው ይህ ነው።

ጣሳ ሲሆን

የወተት ዱቄት ወይም የቡና ጣሳ ክዳኑ በመዞር ስለማይከፈት ከመደርደሪያ ሥር አይንጠለጠልም። ለእርሱ ቀለበት ይሠራለታል። የጣሳውን ወርድ በ3.14 ያባዙ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጣሳ 31.4 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ አለው። በዚህ ላይ ለሁለቱ ጆሮዎች 4 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቀጭን ላሜራ ሰቅ ያስቆርጡ። ሰቁን ጣሳው ላይ ጠቅልለው ጆሮዎቹን በፒንሳ ወደ ውጭ ያጥፉ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ያልለሰለሰ ላሜራ በየቀኑ ጣት ይቆርጣል። ጆሮዎቹ በአንድ ላይ በሁለት ብሎን ከመደርደሪያው ጀርባ ወይም ከጎኑ ጋር ይያያዛሉ። ጣሳው በቀለበቱ ውስጥ ያለ ግጭት እንዲወጣና እንዲገባ በመካከላቸው የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ቀለበቱ ከጣሳው ቁመት አጋማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ከታሰረ ጣሳው ሲነካ አይገለበጥም።

መደርደሪያው ራሱ ብረት ከሆነ ማግኔት መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ማግኔት አሉሚኒየምን አይስብም፣ ብዙውን የማይዝግ ብረትም እንዲሁ። በተጨማሪም በግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ማግኔት ወደ ታች መንሸራተትን የሚቋቋምበት ኃይል ተስቦ ከመላቀቅ ከሚቋቋምበት ኃይል በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማግኔት ለኮረሪማና ለጥቁር አዝሙድ ሙዳይ እንጂ ለስኳር አይደለም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ

አከራዩ ግድግዳ እንዳይበሳ የከለከለበት ቤት ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ብሎኖቹ ሁሉ በመደርደሪያው ላይ ብቻ እንዲያርፉ ማድረግ፣ መደርደሪያውንም በራሱ እግር ማቆም የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። ሁለተኛው በሁለቱም ገጹ የሚያጣብቅ ወፍራም ፕላስተር ነው። ይህ የሚሠራው ለስላሳ፣ ንጹሕና ደረቅ በሆነ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ በሴራሚክ፣ በመስታወት ወይም በዘይት ቀለም በተቀባ እንጨት ላይ ብቻ ነው። ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ፕላስተሩ ኖራውን ይዞ ይወርዳል።

ገጹን የቁስል ማጽጃ በሆነው አልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ ፕላስተሩን ለጥፈው በአውራ ጣት ከመሐል ወደ ዳር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጫኑት፣ ክብደት ሳይጭኑበትም አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። አብዛኛው ማጣበቂያ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይዝም፤ የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትና ማለዳ ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ እዚያ ሥራው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ይሠራ። በኮምቦልቻ በተቃራኒው ከሰል ምድጃ ወይም ምጣድ አጠገብ ያለ ግድግዳ ሲግል ማጣበቂያው ይለሰልሳልና ከምድጃው ግድግዳ ፈጽሞ ይራቅ። በሁለቱም ከተማ ከግማሽ ኪሎ በላይ በፕላስተር ባይታሰር እመክራለሁ።

እጅ በማይገባበት ቦታ ብሎን ማጥበቅ

መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ተገንብቶ የማይወርድ ከሆነ የግድ እዚያው ውስጥ መሥራት ይመጣል። እጀታው አጭር የሆነ ካቻቢቴ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ ከሌለ የካቻቢቴውን ቢት ብቻ ይዞ በፒንሳ ማዞር ይቻላል። መለኪያውን ክፍተቱ ውስጥ ከማስቸገር ይልቅ የመደርደሪያውን ሆድ የሚያህል ካርቶን ቆርጠው ምልክቶቹን ሁሉ ውጭ ላይ ይሥሩበት፤ ከዚያ ካርቶኑን በቦታው አስደግፈው በሚስማር ጫፍ እየወጉ ነጥቦቹን ያስተላልፉ። ብሎኑ ወደ ላይ ሲገባ ከካቻቢቴው ጫፍ እንዳይወድቅ በትንሽ ፕላስተር ማያያዝ ወይም የካቻቢቴውን ጫፍ በማግኔት አሽቶ ብሎኑን እንዲስብ ማድረግ ይረዳል። ዓይን ከበታች ሆኖ ወደ ላይ ሲሰረሰር የእንጨት ብናኝ በቀጥታ ስለሚወርድ መነጽር ሳያደርጉ አይጀምሩ።

ድሪሉ ጨርሶ የማይገባበት ከሆነ ደግሞ ክዳኖቹ በሙሉ አስቀድመው በቀጭን የኮምፔንሳቶ ሰቅ ላይ ውጭ ይታሰሩና ሰቁ ብቻ በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ከመደርደሪያው የፊት ጠርዝ አጠገብ ይያያዛል። ኮምፔንሳቶው ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የክዳኑ ብሎን ከዚያ ማነስ ስላለበትም 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ይምረጡ። ሰቁን ከመደርደሪያው ጋር የሚያይዘው ብሎን ደግሞ ሁለቱን ውፍረት ደምረው ሲያስቡት ከመደርደሪያው በላይ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ።

የማይታሰሩ ነገሮች፣ ሙከራና ክትትል

በረኪና፣ ላምባና የአይጥ መርዝ ከምግብ ዕቃ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ በምንም መንገድ አይታሰሩ፤ ተመሳሳይ ብልቃጥ ውስጥም አይገቡ። ተመሳሳይ ብልቃጥ የተደረደረበት ቦታ ላይ እጅ ሳያይ ስለሚነሣ አደጋው እውነተኛ ነው። መድኃኒትም የራሱ የተቆለፈ ቦታ ይኑረው። ከምድጃ፣ ከምጣድና ጀበና ከሚጣድበት ቦታ ቀጥታ በላይ መስታወት አይንጠልጠል፤ እንፋሎቱም ቅመሙን ያረጥበዋል፣ ቢወድቅም የሚያርፈው እሳት ላይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ብልቃጦቹን በአሸዋ ወይም በጨው ሞልተው፣ ከታች ወፍራም ጨርቅ አንጥፈው አንድ ሌሊት ያሳድሩ። በማግሥቱ መደርደሪያውን በመዳፍ ጠበቅ አድርገው ደጋግመው ይምቱና ብሎኖቹን ይመልከቱ፤ በክዳኑና በጣውላው መካከል የጥፍር ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ከተፈጠረ ብሎኑ አልያዘም ማለት ነው። የላላው ቀዳዳ በክብሪት እንጨትና በኮላ ተሞልቶ ሲደርቅ ብሎኑ እንደገና ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። በደሴ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም፣ እንጨቱ ካበጠበት እየደረቀ ሲመለስ ብሎኖች ይላላሉና ያን ጊዜ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ የዛገውን መለወጥ፣ የክዳን ፕላስቲኩን አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። በኮምቦልቻ ደግሞ ከሚያዝያና ከግንቦት ሙቀት በኋላ በፕላስተር የተያዙትን ዕቃዎች አንድ በአንድ በጣት እየገፉ ማየት፣ የተንሸራተተውንም ሙሉ በሙሉ ልጦ በአዲስ መለወጥ ነው፤ አንዴ የለቀቀ ማጣበቂያ ቢጫኑት ተመልሶ አይዝም።